መጠኑ ለየት ላለ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የቻርጅ ማስማሚያ በቤት ውስጥ መሥራት

ዘመድ ከውጭ አገር የላከው ወይም የሰሜን ተራሮች ጎብኚ ለአስጎብኚው ትቶለት የሄደው የእጅ ባትሪ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በ16340፣ በ14500 ወይም በ26650 ድንጋይ ነው። በጎንደር አራዳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ በቀላሉ የሚገኘው ቻርጀር ደግሞ በአብዛኛው ለ18650 የተሠራ ነው። አጭሩ ድንጋይ አይደርስለትም፣ ወፍራሙ አይገባበትም። ጎንደር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ ሦስት ዓይነት ማስማሚያ መሥራት ይቻላል፦ ከቡሎን የሚሠራ ማስረዘሚያ፣ ከእንጨት የሚሠራ አስመሳይ ድንጋይ፣ እና በሞባይል ቻርጀር የሚሠራ ለሁሉም መጠን የሚሆን ማቀፊያ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማስማሚያዎች ቅርጽ ያስተካክላሉ እንጂ ቮልት አይቀይሩም፤ ከረንትም አይቀንሱም። ቻርጀሩ 4.2 ቮልትና 1 አምፔር የሚሰጥ ከሆነ፣ ትንሿም ድንጋይ ያንኑ ነው የምትቀበለው። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ይህን ከመርሳት ስለሆነ፣ ቡሎን ከመቁረጥ በፊት ድንጋዩን ማወቅ ይቀድማል።

ድንጋዩን መለየት

ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ርዝመቱ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ዜሮ ቅርጹ ክብ መሆኑን ያሳያል። 16340 ማለት 16 ሚሊ ውፍረት፣ 34 ሚሊ ርዝመት ማለት ነው። 14500 ከተለመደው ትንሹ የሬዲዮ ድንጋይ (AA) ጋር አንድ መጠን ነው፤ 10440 ደግሞ ከቀጭኑ የሪሞት ድንጋይ (AAA) ጋር። ውስጡ መከላከያ ሰርኪዩት ያለው ድንጋይ ከተጻፈበት በ2 እስከ 5 ሚሊ ሊረዝም ስለሚችል ቁጥሩን አይታችሁ አትቁረጡ፤ በካሊፐር ወይም በማስመሪያ ለኩ።

መጠኑ አንድ ሆኖ ውስጡ የተለያየ ስለሚሆን ጽሑፉንም አንብቡ።

3.6 ወይም 3.7 ቮልት የሚል ሊቲየም አዮን ነው። እስከ 4.2 ቮልት ይሞላል፤ እዚህ የሚሠሩት ማስማሚያዎች ሁሉ ለእሱ ናቸው።

3.2 ቮልት የሚል ሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። የሚሞላው እስከ 3.65 ቮልት ብቻ ስለሆነ በ4.2 ቮልት ቻርጀር ላይ አይደረግም።

1.2 ቮልት የሚል ኒኬል ነው። በእነዚህ ማስማሚያዎች ላይ ቢደረግ ይፈላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

3 ቮልትና ሲአር123ኤ የሚል ከ16340 ጋር መንታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨርሶ ቻርጅ አይደረግም። ሁለቱን በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፣ በቤታችሁ ሁለቱም ካሉ የሚሞላውን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉበት።

4 ቮልት የሚል አራት ማዕዘን ሣጥን፣ ግድግዳ ላይ በሚሰኩ ርካሽ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ የሚገኘው፣ እንደ መኪና ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ነው። ለመሙላት 4.8 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። 4.2 ቮልት አይሞላውም።

ስለዚህ የግድግዳ ባትሪ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የብዙዎቹ ቻርጀር ትራንስፎርመር የለውም፤ 220 ቮልቱን በአንድ ካፓሲተር ብቻ ቀንሶ ነው የሚሰጠው። በሜትር ሲለካ 5 ወይም 6 ቮልት ቢያሳይም ሽቦው ከመስመሩ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ከውስጡ ሽቦ አውጥቶ ሌላ ድንጋይ ለመሙላት መሞከር ሰው ይገድላል። ሰውን ባይገድል እንኳ፣ 4.2 ላይ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ሊቲየሙን ያቃጥላል።

ቀጥሎ ቮልቱን በቴስተር ለኩ። ከ3 ቮልት በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ2.5 እስከ 3 ከሆነ በትንሽ ከረንት ብቻ ይጀመራል። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ድንጋይ ግን ተስፋ የለውም፤ ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ሲሞላ በሌላ ቦታ ስለሚጋገር ከውስጥ ሾርት ያደርጋል። ዜሮ የሚያሳይ ድንጋይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ሞቷል፣ ወይ መከላከያ ሰርኪዩቱ ዘግቶታል። የተዘጋ ከሆነ ቻርጀር ላይ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ቮልቱ ይመለሳል፤ ተመልሶ ከ2.5 በታች ካሳየ ይጣላል። ልባሱ የተቀደደ፣ የተጨረመተ፣ ያበጠ ወይም ጣፋጭ የቀለም ሽታ ያለው ድንጋይም አይሞከርም።

የከረንቱ ልክ እንዲህ ይታሰባል፦ ለድንጋዩ ከአቅሙ ግማሽ ይመቸዋል፤ ከሙሉ አቅሙ መብለጥ የለበትም። 700 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ 16340 በ350 ሚሊ አምፔር ቢሞላ ደኅና ነው። 350 የሆነ 10440 ግን በ1 አምፔር ቻርጀር ላይ ከተደረገ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ልባሱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን አቅም አትመኑ። 18650 ሆኖ 9800 የሚል ጽሑፍ ውሸት ነው፤ የዚህ መጠን ምርጥ የሚባሉት 3500 አካባቢ ናቸው። ግራም የሚለይ ሚዛን ካለ ደግሞ፣ እውነተኛ 18650 ወደ 45 ግራም ስለሚመዝን በጣም የቀለለው ራሱን ያጋልጣል።

አንደኛ፦ የቡሎን ማስረዘሚያ

ይህ ቀላሉ ነው። አጭር ድንጋይ በ18650 ቻርጀር ላይ እንዲደርስ የጎደለውን ርዝመት ይሞላል። የሚያስፈልገው ኤም6 ቡሎን፣ አንድ ዳዶ፣ ለመብራት ሽቦ የሚሆን ባለ 16 ሚሊ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተርና ብርጭቆ ወረቀት ነው። ቡሎኑንና ዳዶውን ከማንኛውም የብረታ ብረት ሱቅ ታገኛላችሁ።

ኤም6 የተመረጠው በምክንያት ነው። ጥርሱ 1 ሚሊ ስለሆነ ዳዶው አንድ ዙር ሲዞር ርዝመቱ በትክክል 1 ሚሊ ይቀየራል። የቡሎኑ ራስ 4 ሚሊ ይረዝማል፤ የሚሸጥበት ቁጥር ደግሞ ራሱን አይጨምርም። ስለዚህ ባለ 25 ቡሎን በጠቅላላው 29 ሚሊ ነው፤ ዳዶው ጫፉ ላይ ሆኖ 1 ወይም 2 ሚሊ ወጣ ሲል ከ30 እስከ 31 ይደርሳል። የዳዶው ውፍረት 5 ሚሊ ስለሆነ፣ ቢያንስ 3 ሚሊው ጥርስ ይዞ መቅረት አለበት።

በ65 ሚሊ ሲሰላ ለ16340 የጎደለው 31 ሚሊ፣ ለ18350 30 ሚሊ ነው፤ ለሁለቱም ባለ 25 ቡሎን ይበቃል። ለ10440 የጎደለው 21 ስለሆነ ባለ 16 ቡሎን፣ ለ14500 ደግሞ 15 ስለሆነ ባለ 10 ቡሎን ይሆናል። የተወሰኑ ቻርጀሮች ተንሸራታች እስከ 50 ሚሊ ድረስ ስለሚመጣ ለ14500 ምንም ላያስፈልግ ይችላል፤ መጀመሪያ ባዶውን ሞክሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቡሎኑን ራስ በሞረድ አለስልሱ፤ የተቀረጸው ቁጥር ካልጠፋ ኮንታክቱ በጉብታው ጫፍ ብቻ ይነካና ይግላል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ቡሎን ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ዳዶውን ጫፉ ላይ አስገብታችሁ የጎደለውን ርዝመት ለኩ። ቱቦውን ከጠቅላላው ርዝመት 2 ሚሊ አሳጥራችሁ በሴጌቶ ቁረጡ። ቡሎኑ ላይ ቱቦው ውስጥ ጠበቅ ብሎ እስኪገባ ድረስ ፕላስተር ጠምጥሙና መሐል ላይ አስገቡት፤ በሁለቱም በኩል ብረቱ 1 ሚሊ ያህል ወጣ ይበል። በመጨረሻ የቱቦው ውጫዊ ውፍረት 18 ሚሊ እስኪሆን ድረስ ፕላስተር ጨምሩበት።

አቀማመጡ ላይ ሁለት ነገር አትሳቱ። አንደኛ፣ ማስረዘሚያው ሁልጊዜ በድንጋዩ ነጌቲቭ በኩል ይሁን። የድንጋዩ አካል በሙሉ፣ ጎኑም ታቹም፣ ነጌቲቭ ነው። ቡሎኑ ቢንሸራተትና ጎኑን ቢነካ ምንም አይሆንም። በፖዘቲቭ በኩል ከተደረገ ግን ትንሽ ዘንበል ሲል ፖዘቲቩን ከአካሉ ያገናኛል፤ ያ ደግሞ ሙሉ ሾርት ነው። ሁለተኛ፣ የቡሎኑ ራስ ወደ ቻርጀሩ፣ ዳዶው ወደ ድንጋዩ ይዙር። የቻርጀሩ ኮንታክት መሐሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ስላለው፣ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ላይነካ ይችላል።

የቻርጀሩ ጎድጓዳ የተሠራው ለ18 ሚሊ ድንጋይ ስለሆነ ቀጭኑ ድንጋይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ጫፉም ከኮንታክቱ በታች ይውላል። ከሥሩ ካርቶን ወይም ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ ቁራጭ አንጥፉ፤ ለ16 ሚሊ ድንጋይ 1 ሚሊ፣ ለ14ቱ 2 ሚሊ፣ ለ10ሩ 4 ሚሊ ውፍረት ይበቃል።

በማግኔት የሚያያይዙ አሉ። ርዝመቱን በቀላሉ ያሟላል፤ ያም ሆኖ አይመከርም። ማግኔት ወደ ጎን ይሳባል፣ ከቀሪው ማግኔት ጋር ለመጣበቅ ይዘላል፣ የተቀደደ ልባስ ካገኘም ሾርት ያደርጋል። የተጠቀለለ አሉሚኒየም ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ሲጫኑት ይጨረመታል፣ ኮንታክቱም ይላላል።

የብረቱ ርዝመት ራሱ ከረንቱን ያዳክማል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። 30 ሚሊ የብረት ቡሎን የሚጨምረው ከአንድ ሺህኛ ኦም በታች ነው። የሚያዳክመው ዝገት፣ ቀለምና ላላ ያለ ሞላ ነው። መጋጠሚያው ላይ 0.1 ኦም ቢፈጠር በ1 አምፔር 0.1 ቮልት ይጠፋል፤ ቻርጀሩ 4.2 ሲያይ ድንጋዩ ገና 4.1 ላይ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ አስመሳይ ድንጋይ

26650ን የመሰለ ወፍራም ድንጋይ ቻርጀሩ ውስጥ ስለማይገባ ውጭ ይቀመጣል። ቻርጀሩ ውስጥ የሚገባው በ18650 ልክ የተቆረጠ እንጨት ነው፤ ሽቦው ከእንጨቱ ወደ እውነተኛው ድንጋይ ይሄዳል።

የደረቀ የባሕር ዛፍ ዘንግ ወይም የመጥረጊያ እጀታ 18 ሚሊ እስኪሆን ሙረዱና 60 ሚሊ ላይ ቁረጡ። ሁለቱም ጫፍ መሐል ላይ 2 ሚሊ ቀዳዳ 15 ሚሊ ጥልቀት ብሱ። ከ0.75 ካሬ ተጣጣፊ ሽቦ ቀይና ጥቁር፣ እያንዳንዳቸውን 30 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፤ ጫፋቸውን ልጣችሁ በናስ ሮንዴላ ሥር አድርጉና በቪቲ አጥብቁት። የቪቲው ራስ ከሮንዴላው ጋር ተደምሮ ጠቅላላውን ርዝመት ወደ 65 ሚሊ ያደርሰዋል። ሽቦዎቹ በእንጨቱ ጎን በተፈለፈለ ቦይ ወጥተው በፕላስተር ይታሰሩ። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይኮማተርና ቪቲው ይላላል፤ የደረቀ ያልነው ለዚህ ነው።

የሽቦው ውፍረት ይበቃል። 0.75 ካሬ መዳብ በሜትር ወደ 0.023 ኦም ነው፤ የሁለቱ ሽቦ ድምር 60 ሳንቲ ሜትር በ1 አምፔር የሚያጠፋው 14 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። የቀጭን ሞባይል ገመድ ሽቦ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚያጠፋ አይሆንም።

በሌላኛው ጫፍ ለድንጋዩ ማቀፊያ ያስፈልገዋል፤ ሦስተኛው ላይ ያለው ማቀፊያ ያለ ሞጁል ለዚህ ያገለግላል። አንድ ጥንቃቄ፦ መጀመሪያ አስመሳዩ ቻርጀሩ ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ እውነተኛው ድንጋይ ማቀፊያው ላይ ይቀመጥ። ሲነሣ በተቃራኒው ነው። ድንጋዩ ሽቦው ላይ እያለ አስመሳዩ ጠረጴዛ ላይ ከተጣለ ሁለቱ ቪቲዎች ሕያው ናቸው፤ ካቻቪቴ ቢወድቅባቸው ይጋያል።

ሦስተኛ፦ ለሁሉም መጠን የሚሆን ማቀፊያ

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይሥራ። ከረንቱን ለድንጋዩ ልክ ማድረግ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

ዋናው ክፍል ቲፒ4056 የሚባለው ትንሽ ሰማያዊ ሞጁል ነው፤ ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ ጠይቁ። 5 ቮልት ከሞባይል ቻርጀር ተቀብሎ ድንጋዩን 4.2 ላይ ያደርሳል፤ ከረንቱ ከተወሰነለት አሥር እጅ አንድ ሲደርስ ራሱ ያቆማል። በጣም የወረደ ድንጋይ ሲያገኝ ደግሞ 2.9 ቮልት እስኪደርስ በአንድ አሥረኛ ከረንት ብቻ ይጀምራል።

ሞጁሉ ከፋብሪካ ሲመጣ 1 አምፔር ነው። ይህን የሚወስነው አንዲት ሬዚስተር ናት፦ ብዙውን ጊዜ አር3 የሚል የተጻፈባትና በላይዋ 122 የሚል ቁጥር ያለባት፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ኦም። ቦርዱ የተለየ ከሆነ የቺፑን ሁለተኛ እግር ተከተሉ፤ ከእሱ ወደ ነጌቲቭ የምትሄደው ናት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1200ን በኪሎ ኦሙ ስታካፍሉ ከረንቱን በሚሊ አምፔር ታገኛላችሁ።

2.2 ኪሎ ኦም (ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ) 545 ሚሊ አምፔር፤ ለ18350 እና ለትልልቅ 14500።
3.3 ኪሎ ኦም (ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ) 364 ሚሊ አምፔር፤ ለ16340 እና ለ14500።
4.7 ኪሎ ኦም (ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ) 255 ሚሊ አምፔር፤ ለ10440 ከዚህ አይለፍ።
10 ኪሎ ኦም (ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ) 120 ሚሊ አምፔር፤ በጣም ለወረደና ለተጠረጠረ ድንጋይ።

ለ18650 እና ለ26650 የፋብሪካውን 1 አምፔር እንዳለ ተዉት። ሁለት ሞጁል ገዝቶ አንዱን 1 አምፔር፣ ሌላውን 255 ማድረግ፣ ማብሪያ ማጥፊያ እየጨመሩ ሬዚስተር ከማቀያየር ይሻላል። ሰው ማቀያየሪያውን መንካት ይረሳል።

የድሮዋን ሬዚስተር ለማንሣት ሁለቱንም ጫፍ በሊድ አረስርሱና በካውያው ጎን ግፏት፤ ኃይል አትጠቀሙ፣ መዳቡ አብሮ ይላጣል። አዲሷን በቦታዋ በይዱ። ድንጋይ ከማገናኘት በፊት በቴስተር በሁለቱ ነጥቦች መሐል ለኩ፤ ሊዱ ሾርት አድርጎ ዜሮ ኦም ካነበበ ከረንቱን የሚገድብ ነገር አይኖርም።

ለማቀፊያው 130 ሚሊ ርዝመት፣ 50 ሚሊ ስፋትና 20 ሚሊ ውፍረት ያለው እንጨት አዘጋጁ። አንድ ጫፍ ላይ 35 ሚሊ ቁመት ያለው ማቆሚያ በቪቲ ይታሰር፤ ይህ ፖዘቲቩ ነው። ከወለሉ 13 ሚሊ ከፍታ ላይ ራሱ ከ5 ሚሊ የማይሰፋ የናስ ቪቲ አስገቡበት። ጠባብ መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ሰፊ ላሜራ ከሆነ ልባሱ ጠርዝ ላይ የተቀደደ ድንጋይ ሲመጣ አካሉንም ይነካዋል።

ነጌቲቩ የሚንሸራተት ነው። በሁለት ቀጭን የእንጨት ሐዲድ መሐል የሚሄድ 40 ሚሊ ርዝመት ያለው እንጨት ሥሩና፣ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የወጣ ሞላ በ13 ሚሊ ከፍታ ላይ ይታሰርበት። ከብስክሌት ውስጠኛ ጎማ የተቆረጠ 10 ሚሊ ስፋት ያለው ላስቲክ ተንሸራታቹን ወደ ማቆሚያው ይሳበው። ጉልበቱ ድንጋዩ ማቀፊያው ተገልብጦ ሲንቀጠቀጥ የማይወድቅበት ያህል ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ የፖዘቲቩን ጫፍ ያጎብጠዋል።

13 ሚሊ ያልነው የ26 ሚሊ ድንጋይ መሐሉ እዚያ ስለሆነ ነው። ለቀጭኖቹ ከሥር የሚነጠፍ ጣውላ ቁረጡ፦ ለ18 ሚሊ ድንጋይ 4 ሚሊ፣ ለ16ቱ 5፣ ለ14ቱ 6፣ ለ10ሩ 8 ሚሊ። በየጣውላው ላይ የድንጋዩን ቁጥር ጻፉበት። በሁለት ጎኑ ትንሽ ጠርዝ ከሌለው ድንጋዩ ይንከባለላል።

ሽቦው እንዲህ ይሄዳል፦ ከሞጁሉ ቢ ፖዘቲቭ በ2 አምፔር ፊውዝ በኩል ወደ ናሱ ቪቲ፣ ከቢ ነጌቲቭ ወደ ሞላው። ስድስት ቀዳዳ ያለው ሞጁል ከሆነ መውጫ የሚሉት ሁለቱ ባዶ ይቅሩ። ወደ ሞላው የሚሄደው ሽቦ ተጣጣፊና 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ያለው ይሁን፤ ነጠላው የግድግዳ ሽቦ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰበራል። ሽቦውን ሞላው ላይ በይዱ። ድንጋዩ ላይ ግን በፍጹም ሊድ አይበየድም፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል። ሞጁሉን በሙጫ እንጨት ላይ አትለጥፉት፤ በ1 አምፔር ላይ ድንጋዩ 3.2 ቮልት ሳለ ቺፑ ወደ 1.8 ዋት ሙቀት ስለሚያወጣ ጣት ያቃጥላል። ከታች አየር እንዲያገኝ በሁለት ጥግ ብቻ አቁሙት።

ፖዘቲቩ ያለበትን ጎን ደማቅ ቀይ ቀቡት። ይህ ሞጁል ተገልብጦ ለገባ ድንጋይ መከላከያ የለውም፤ በአንድ ጊዜ ይጨሳል።

መጀመሪያ ሲሞከር

በደኅናው ድንጋያችሁ አትጀምሩ፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣ 3.5 ቮልት አካባቢ ያለው 18650 ለዚህ ተመራጭ ነው። ድንጋይ ሳይገባ በቴስተር ፖዘቲቩና ነጌቲቩ እንዳይነካኩ አረጋግጡ። ከዚያ ድንጋዩን አስገቡ፣ አቅጣጫውን ደግማችሁ እዩ፣ ቀጥሎ ሞባይል ቻርጀሩን ሰኩ። ቀይ መብራት መብራት አለበት።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድንጋዩንና ሁለቱን ጫፍ በእጅ ንኩ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ ለማስቀመጥ የሚያስቸግር፣ ማለትም ከ45 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ ንቀሉት። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጫፉ ብቻ ከጋለ መጋጠሚያው ነው የላላው። ሲጨርስ ቮልቱን ድንጋዩ ላይ ለኩ፦ ከ4.15 እስከ 4.22 ትክክል ነው። 4.25 ካለፈ ያ ሞጁል ወይም ቻርጀር ይወገድ። ባዶ ሞጁል ላይ መለካት ዋጋ የለውም፤ ያለ ድንጋይ ንባቡ ይዋዥቃል።

የሚሞላበት ቦታ ከአልጋ፣ ከመጋረጃና ከምንጣፍ የራቀ ይሁን። የተሰነጠቀ ምጣድ ወይም የወለቃ ሸክላ ትሪ ከሥሩ ማድረግ ምንም የማያስወጣ ጥሩ መከላከያ ነው። ሰው ተኝቶ ወይም ቤት ተዘግቶ አይሞላ። ማፏጨት ወይም ማጨስ ከጀመረ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትሪውን ጭምር ወደ ውጭ አውጡት፤ ለማውጣት ካልቻላችሁ እናንተ ውጡ፣ ጭሱ መርዝ ነው።

የሚያጋጥሙ ብልሽቶች

ቀዩ መብራት ከብዙ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ድንጋዩ አርጅቷል፤ የሚገባውን ያህል ከውስጥ እያፈሰሰ ስለሆነ ከረንቱ ወደ አሥረኛው አይወርድም። ሌላ ድንጋይ ላይ ማስማሚያው በትክክል ካቆመ ጥርጣሬው አበቃ። ለማነጻጸር ያህል፣ 700 የሆነ 16340 በ364 ሚሊ አምፔር ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ መውሰድ የለበትም፤ ሦስት ሰዓት ቢሆን ይታገሡታል።

እንደገባ ወዲያውኑ "ሞልቷል" የሚል መብራት ከበራ ብዙውን ጊዜ አልተገናኘም። ፖዘቲቩ ጉብታ የሌለው ዝርግ ድንጋይ ከሆነ ቪቲው አልደረሰበትም፤ ቪቲውን ሁለት ዙር ፍቱት። አለበለዚያ የውስጡ መከላከያ ዘግቶ ሊሆን ይችላል።

መብራቱ እየበራ እየጠፋ ከሆነ ከሞባይል ቻርጀሩ ጀምሩ። የሞጁሉ መግቢያ ላይ ከ4.5 ቮልት በታች ካነበባችሁ ችግሩ ገመዱ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ በ1 አምፔር ግማሽ ቮልት መብላቱ የተለመደ ነው።

ባለ ሁለት ጎድጓዳ ርካሽ ቻርጀር ላይ አንዱ ሞልቶ ሌላው የወረደ ድንጋይ አብሮ አይደረግ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ሁለቱ በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ የሞላው ወደ ወረደው ያለ ገደብ ይፈስሳል። ማስማሚያ ያለበት ድንጋይ ለብቻው ይሞላ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ለጥቂት ጊዜ ይዘላል፤ የሚሰቃየው 220 ላይ የተሰካው ቻርጀር ነው። ሲጠፋ ንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ሦስተኛው ማቀፊያ በፓወር ባንክም ሆነ 5 ቮልት በሚሰጥ ትንሽ ሶላር ይሠራል፤ ለደባርቅ አስጎብኚዎችና ለጥበቃዎች የሚመቸው ለዚህ ነው። እዚያ ላይ አንድ ነገር ይጨመር፦ በሰሜን ተራሮቹ ሳንቃ በርና ግጭ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ድንጋዩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ከተሞላ ሊቲየሙ በውስጡ ብረት ሆኖ ይጋገራል፤ ይህ ጉዳት አይመለስም። ሌሊት ውጭ ያደረ ድንጋይ ጠዋት በደረት ኪስ ሞቆ ነው ቻርጅ ላይ የሚደረገው። በብርድ ማብራት ግን አይጎዳውም፤ ቶሎ ይደክማል እንጂ።

ለወራት የሚቀመጥ ድንጋይ ሞልቶም ባዶ ሆኖም አይቀመጥ፤ 3.7 ወይም 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ፣ ከቡሎኖቹና ከሳንቲም ተለይቶ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይግባ። የሚጣለው ደግሞ ሁለቱም ጫፉ በፕላስተር ይታሸግ፤ እሳት ውስጥም ሆነ ከቆሻሻ ጋር አይጣል።